ጎማ በውሰት፣ ቦሎ በዓመት

በሀገራችን መኪና በዓመት አንድ ቀን ጤነኛ ናት፤ እሷም የቦሎዋ ቀን ናት። በዋዜማው ሞተሯ በናፍጣ ይወለወላል፣ የተቃጠለው የፍሬቻ አምፖል ይቀየራል፣ የሚንጠለጠለው ማርሚታ በሽቦ ይጠፈራል። ጠዋት ምርመራ ጣቢያ ስትደርስ የሰርግ መኪና እንጂ ትናንት በግፊ የተነሳችው አትመስልም። ማታ ሽቦው ይላላል። ያ ግን የሚመጣው ዓመት ጉዳይ ነው።

ይህን አሠራር የሚያጣጥሉ ሰዎች ሕጉን አጥርተው አላነበቡትም። የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ተሽከርካሪ በየዓመቱ ይመርመር ነው ያለው። በየዓመቱ ደህና ሆና ትገኝ አለ እንጂ ዓመቱን ሙሉ ደህና ትሁን መች አለ? ባለመኪናው ሕግ አክባሪ ነውና የታዘዘውን ይፈጽማል፤ ካልታዘዘው ላይ ቅንጣት አይጨምርም።

ሲፈጽምም በጥበብ ነው። ከጣቢያው ፈንጠር ብሎ ጎሚስታው ይጠብቀዋል። መኪናዋ በክሪክ ብድግ ትላለች፣ የላጨው ጎማ ይፈታል፣ በምትኩ ቁጥሩ የገጠመ፣ ጥርሱ ያላለቀ ጎማ ይታሰራል። ኪራዩ በሰዓት ይሁን በምርመራ እዚያው ይስማማሉ። አልፋ ስትመለስ ያው ጎማ ተፈትቶ ሳይቀዘቅዝ ለቀጣዩ ተረኛ ይሄዳል። በዚህች ከተማ እንደዚህ ጎማ ምርመራ በተደጋጋሚ ያለፈ አካል የለም። እንደኔ ቢሆን ለራሱ ሊብሬ ይወጣለትና ቦሎውም እሱ ላይ ይለጠፍ ነበር።

እሳት ማጥፊያውም ቢሆን ከመኪና መኪና የሚዞር እንግዳ ነው። እሳት ባያጠፋም አስተናጋጅ አያጣም። የመጀመሪያ ዕርዳታ ሳጥኑ ግን የግል ነው፤ ሲከፈት አንድ ጥቅል ፋሻና ከመኪናዋ ዕድሜ የማያንስ ጥጥ ይገኝበታል።

ከነዚህ ሁሉ የሚልቁት መኪናቸውን ግቢ አቁመው ቡናቸውን የሚጠጡት ናቸው። ደላላው ሊብሬውን ይዞ ይሄዳል፣ ቦሎውን ይዞ ይመለሳል። መኪናዋ ሳትሄድ ደርሳለች፣ ሳትታይ ታይታለች፣ መብራቷ በሌለችበት በርቷል፣ ፍሬኗ በሌለችበት ይዟል። በሩቅ ሆኖ መሪ የሚፈትሽ ባለሙያ ያለው ሀገር ለምርመራ ማሽን የውጭ ምንዛሪ ማውጣቱ ይቆጨኛል።

የመኪናዋ ዕድሜ እንደሆነ አይፈረድባትም። በኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገለ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ተጫነ፤ በ2016 ጥር ላይ ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ከናካቴው አይገባም ተባለ። አዲስ የመግዛት አቅም የሌለው ሰው ያቺኑ ዲኤክሱን ከማስታመም ሌላ ምን አማራጭ አለው? አባቱ ነድቷታል፣ ልጁም ይነዳታል። አዲሷ እንዳትገባ በሩን የዘጋው መንግሥት አሮጌዋን አዲስ ምሰይ ብሎ በዓመት አንዴ ይቆጣታል።

ቁጣው የሚደርሳት በትራፊክ ፖሊሱ በኩል ነው። ፊሽካ ይነፋል፣ ሾፌሩ ጥግ ይይዛል፣ ትራፊኩ ሰላምታውን ሰጥቶ ቀጥታ ወደ መስታወቱ ያያል። ምን ያድርግ? ጎማ ለማየት መጎንበስ አለ፣ ፍሬን ለማየት መሣሪያ ያስፈልጋል፤ ቦሎ ግን ቆሞ ይነበባል።

እንግዲህ ሸራው አልቆ ብረት ከብረት የሚፋጭባት፣ በሯን ረዳቱ በእጁ ደግፎ የሚያስኬዳት ሚኒባስ ትመጣለች። መስታወቷ ላይ የዘንድሮው ቦሎ ይታያል፤ እለፍ! ከኋላዋ ትናንት ጋራዥ ገብታ አዲስ ሸራና አራት አዲስ ጎማ ያሰረች መኪና ትከተላለች። ቦሎዋ ግን ባለፈው አርብ አልፎባታል። ወንጀለኛው ተገኘ! ካቻቪቴ ይወጣል፣ ታርጋው ይፈታል፣ ክሱ ይጻፋል። ሰውየው ስለ አዲሱ ሸራ ሊያስረዳ ይሞክራል። ሸራው መስታወት ላይ አልተለጠፈማ።

ከዚህ በኋላ የሚመጣውን ለማስረዳት ትዕግሥት ይጠይቃል። ታርጋውን ለማስመለስ ቅጣቱ ይከፈላል፣ ቦሎም ይወጣል። ቦሎ ለማውጣት መኪናዋ ምርመራ ጣቢያ ትሂድ። ለመሄድ መንገድ ላይ ትውጣ። መንገድ ላይ ለመውጣት ቦሎ ይኑራት። አስጎትቶ የሚወስድ ብልህ ነው፤ ያልቻለ ደግሞ ቅጣቱ የሚያልቅበትን ቦታ ፍለጋ ሌላ ቅጣት ይዞ ይመለሳል። መስኮቱ ጋ ሲደርስ ሲስተም የለም ይባላል። ሲስተም ሳይኖር የተቀጣው ሰው ሲስተም ጠፋ ቢባል ለምን እንደሚደነግጥ አይገባኝም።

አንዷ ወረቀት ላይ ብቻ ምላሴ አይታዘዘኝም። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የታዘዘችው የሦስተኛ ወገን መድን ከቦሎ በፊት ትጠየቃለች፤ ደግ አደረገች። ለተገጨ ሰው ቤተሰብ ጥቂትም ብትሆን የምትደርስ እሷ ናት። ችግሩ ከፋይልዋ ጓደኞች መካከል ሰው ከመገጨቱ በፊት የምትደርስ አለመኖሯ ነው።

ቀነ ገደቡ ሲቃረብ ሰልፉ ከጣቢያው ወጥቶ አስፋልት ይይዛል። ዓመቱን ሙሉ የት ነበራችሁ ተብሎ ይወገዛል፤ ከዚያ ማስታወቂያ ይወጣል፤ ተራዝሟል። ሕዝቡ ይበተናል፣ ያለቀው ሸራም አብሮ የተራዘመለት ይመስል ወደ ሥራው ይመለሳል። አዲሱ ቀነ ገደብ ሲቃረብ ያው ሰልፍ እዚያው አስፋልት ላይ ይገናኛል፤ ብዙዎቹ እስከዚያ ድረስ ተዋውቀዋል።

በየዓመቱ በሀገሪቱ መንገዶች ከ3,000 በላይ ሰው ይሞታል፤ አዲስ አበባ ውስጥ ከሟቾቹ የሚበዙት እግረኞች ናቸው። ይህም የራሳቸው ቸልተኝነት ነው። እግረኛ ዜብራ ላይ ቆሞ የሚመጣውን ሲኖትራክ ጎማ ጎማውን ያያል፣ ፍጥነቱን ይገምታል፣ ይሰጋል። ትራፊኩ በየቀኑ የሚያሳየውን አርአያ ተከትሎ ቀና ብሎ መስታወቱን ቢያነብ ምን አለበት? ቦሎው የዘንድሮ ከሆነ ልቡን ጥሎ ይሻገር። የአምና ከሆነ ግን ይጩህ፤ ካቻቪቴ የያዘ ሰው ይደርስለታል።