ወንድምጋሼ፣ እዚህ ቁልቁለትን በሰዓት ይለካሉ

ይድረስ ለወንድምጋሼ፣
ሶማሌ ተራ፣ ተክለ ሃይማኖት

እኛ እዚህ ሜሪላንድ ከብርዱና ከቤት ኪራዩ በቀር ደህና ነን፤ እግዚአብሔር ይመስገን። በስልክ እየተቆራረጠብህ ያልገባህ የልጁ የመኪና ውድድር ነገር እንዲህ ነው።

መኪናዋ ከመዳፍ ብዙም የማትበልጥ የጥድ እንጨት ነች። ሞተር የላትም፣ የሚገፋትም የለም፤ ሥራው የቁልቁለቱ ነው። ለየልጁ አንድ ቁራጭ ጥድ፣ አራት ሚስማርና አራት የፕላስቲክ ጎማ ይታደላል። ከ142 ግራም ካለፈች አትገባም፤ የበርበሬ በረንዳ ነጋዴ እንኳ እንደነዚህ ሰዎች ሚዛን ላይ አይጨቃጨቅም። ግራሶ መቀባት ክልክል ነው፤ እንደ እርሳስ ሆድ ጥቁር የሆነ የግራፋይት ዱቄት ሚስማሩ ላይ ይነሰነሳል። በደንቡ ሠሪው ልጁ ነው። በተግባር አባትየው ሌሊት ጋራዥ ውስጥ ሲጠርብ ያነጋል፣ ልጁ ብርጭቆ ወረቀቱን ያቀብለዋል።

ጨዋታውን የፈጠረው ዶን መርፊ የሚባል የካሊፎርኒያ ሰው ነው፤ ዘመኑ በፈረንጅ 1953። ያኔ ልጆች ራሳቸው ተቀምጠው ቁልቁል የሚነዱበት ትልቅ ውድድር ነበር፤ የሰውየው ልጅ ግን ለዚያ ዕድሜው አልደረሰም። አባት መኪናዋን አሳነሰና ለስካውት ልጆች ውድድር አዘጋጀ። እኛንስ በልጅነታችን ማን ዕድሜያችንን ጠየቀን ወንድምጋሼ? አንተ ከጋራዥ የተጣለ ኩሽኔታ ለቅመህ በናፍጣ ታጥባለህ፣ ጎማችን እሱ ነው፤ ከኋላ ሁለት፣ ከፊት አንድ፤ የፊቱ እንጨት በአንድ ቡሎን ይታሰርና ገመድ መሪ ይሆናል። ፍሬኑ የጫማዬ ተረከዝ ነበር፤ እማዬ ስለ ጫማው ያለችኝን እዚህ አልጽፈውም። ጩኸታችንን ሰምቶ መንገድ የማይለቅ ሰው አልነበረም።

ወፍራሙን ጓደኛችንን ከኋላ የምናስቀምጠው ለካ ትክክል ኖሯል! እዚህም ክብደቱን ወደ ኋላ ያደርጉታል፤ መነሻው ላይ መኪናዋ አዘቅዝቃ ስለምትቆም የኋላው ከፍ ይላል፣ ከፍ ያለ ክብደት ደግሞ ብዙ ይወርዳል፣ ብዙ ይገፋል። አንዱን የፊት ጎማ መሬት እንዳይነካ አንሥተው በሦስት የሚያስሮጡም አሉ፤ ሰበቃ ለመቀነስ ነው። የእኛዋ ከመጀመሪያውም ሦስት ነበረች።

መንገዱ አሉሚኒየም ነው፣ 13 ሜትር ገደማ፤ ሦስት ሰከንድ ያህል ይፈጃል። ኤሌክትሪክ ሰዓቱ የሰከንድን ሺህኛ ይቆጥራል። ጉዱ ያለው ከውድድሩ በኋላ ነው። አባቶች ቡና ይዘው ይቆሙና «የእኔ 3.05 ገባች»፣ «የቨርጂኒያው ዘመዴ 2.98 አለው» እያሉ ይሟገታሉ። አንዱ መንገድ ይረዝማል፣ ሌላው ያጥራል፤ የአንዱ ቁልቁለት ይቆማል፣ የሌላው ይተኛል። ሰዓት ከሰዓት የሚወዳደረው እዚያው መንገድ ላይ፣ በዚያው ቀን ብቻ ነው። ይህን ብናገር «የናንተስ አገር ስንት ይገባል?» አለኝ አንዱ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፣ አየሩ ስስ ነው፣ ሰዓታችን ተጣርቶ ይታሰብልን አልኩት። ሰውየው የምሩን ስልኩን አውጥቶ ማስላት ጀመረ!

እኛ ዘንድ ሰዓት ማን ያውቃል? ዳኛዋ የጉሊቷ እትዬ ነበሩ፤ ቲማቲማቸውን ሳይደፋ ቀድሞ ያለፈ አሸናፊ ነው። ይግባኝ የለም። እኔን ብትጠይቀኝ ከሺህኛው ሰከንድ የእሳቸው ፍርድ ይሻላል።

የልጁ መኪና ሦስተኛ ወጣች። ለክረምት ስንመጣ ሦስት ደህና ኩሽኔታ ፈልገህ አስቀምጥልን፤ አስፋልቱ ዛሬ ለእግረኛም ፋታ ስለማይሰጥ መኪና የማይገባበት ቁልቁለት አስብበት። ለእናቱ ግን አደራ፣ እንዳትነግርብኝ።

ታናሽ ወንድምህ