መቀስ ይዤ ቆሜ

የሚኒሶታ ብርድ አምስት ወር ቤት ቆልፎብህ ይከርምና፣ በሩን ሲከፍትልህ ደግሞ «ውጣ፤ ግን ምንም እንዳትነካ» ይልሃል። ብርዱንስ ለምጄዋለሁ። ሁለት ሱሪ ደርቤ፣ ጋቢዬን ጥዬ፣ ሻይ እየጠጣሁ ሳማው እከርማለሁ። አልለመድ ያለኝ ከብርዱ በኋላ የሚመጣው «አትንካ» ነው። ጅማ ዙሪያ ስንት ማሳ ቡና ሳስጎነድል የኖርኩ ሰው፣ በስተርጅና አንዲት የላይላክ ቁጥቋጦ ለመቁረጥ ፈቃድ እለምናለሁ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም የሚባለው ለአገር ቤት ነው። እዚህ ጉዱ የሚሰማው በሚያዝያ ነው።

የማወራችሁ በእኛ አቆጣጠር የ2015ቱን ነው። በዚያ ዓመት እኛ ከተማ ላይ የወረደው በረዶ ከ90 ኢንች በላይ ነበር፤ በሜትር ሲመታ ሁለት ከሩብ ያልፋል። መዝገብ የሚይዙት ሰዎች እስከ ዛሬ ከታየው ሁሉ ሦስተኛው ነው አሉ። እኔ አንደኛና ሁለተኛ የወጡትን ባለማየቴ ፈጣሪን አመሰግናለሁ።

በእኛ ባሕረ ሐሳብ ፀደይ የሚገባው መጋቢት 26 ነው። ከቤተ ክርስቲያን ያመጣሁትን ካላንደር ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፌ ያችን ቀን ስጠብቅ ከረምኩ። ቀኗ ልትደርስ ጥቂት ሲቀራት፣ መጋቢት 22 ማታ፣ እርጥብ በረዶ ጣለ፤ ያ ከባዱ፣ አካፋ የሚሰብረው። የኦክ ዛፋችንን ትልቅ ቅርንጫፍ ገንጥሎ መኪና መግቢያው ላይ አንጠለጠለው። ሕማማት ሲገባ ደግሞ ሙቀቱ ድንገት ዘሎ ከ80 ፋራናይት አለፈ። ይህ አገር መሀል የሚባል ነገር አያውቅም። ካፖርት አውልቀህ ሸሚዝ ሳትፈልግ በቀጥታ ያልብሃል።

በረዶው ሲሄድ ያስቀረው ጉድ ተገለጠ። ሳሩ ላይ የሜዳ አይጥ ከበረዶው ሥር ሆኖ ሲመላለስበት የከረመው ጎዳና ተሥሏል፤ መታጠፊያ አለው፣ መገናኛ አለው፣ የእኛ ከተማ ማዘጋጃ ቤት እንዲህ አድርጎ መንገድ አይቀይስም። እዚህም እዚያም ሳሩ ሽበት አውጥቶ በክብ በክቡ ሻግቷል። ኅዳር ላይ የጠፋው ጓንቴ ተገኘ፤ ግራው ብቻ።

የባሰው የአፕሉ ነው። ጥንቸል ልጡን እንዳትበላ ብለን ግንዱን በሽቦ ወንፊት ጠቅልለንለት ነበር። ሽቦው ከጉልበቴ ትንሽ ያልፋል። በረዶው ሽቦውን ዋጠው፤ እመቤት ጥንቸል በረዶው ላይ ቆማ፣ ከሽቦው በላይ እስከ ወገቤ ድረስ ያለውን ልጥ እየገፈፈች ስትበላ ከረመች። ጠጋ ብዬ አየሁት። እንጨቱ ነጭ ሆኖ ወጥቷል፣ የጥርሷ ጭረት ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይታያል። በአንድ ወገን ብቻ ሁለት ጣት የምታህል ልጥ ከታች እስከ ላይ ሳትበጠስ ቀርታለች። ያቺም ብትሄድ ዛፉ ከሥር ወደ ላይ፣ ከላይ ወደ ሥር የሚላላክበት መንገድ አልነበረውም፤ ደርቆ መቅረቱ ነው። ቀጫጭኖቹን ቅርንጫፎች ደግሞ በሰያፍ ቆርጣቸዋለች። በሰያፍ! ለስንት የቡና ሠራተኛ «በሰያፍ ነው የሚቆረጠው፣ ውሃ እንዳይቋጥር» እያልኩ ጉሮሮዬ የነቃበትን፣ ጥንቸሏ ማንም ሳያስተምራት ሠርታዋለች። ማንንም ፈቃድ አልጠየቀችም።

ዳግማይ ትንሣኤ እንዳለፈ መቀሴን ዘይት ቀብቼ፣ ሬኩን ይዤ ወጣሁ። መጀመሪያ የደረቀውን ቅጠል ልጠርግ ጎንበስ ስል የልጅ ልጄ «አባባ፣ ስቶፕ!» ብሎ ጮኸ። («አንቱ» የሚባለው ነገር አትላንቲክን ሲሻገር ሰጥሟል፤ «ስቶፕ» ግን በሰላም ገብታለች።) ትምህርት ቤት ነግረዋቸዋል፤ ቅጠሉ ሥር ንብና ቢራቢሮ ተኝቷል፣ ቀኑ እየደጋገመ 50 ፋራናይት ካልደረሰ አይቀሰቀስም፣ በእኛ 10 ዲግሪ መሆኑ ነው። ሕማማት ላይ ከ80 አልፎ አልነበረም ወይ ብዬ ብጠይቀው፣ ከዚያ ወዲህ ተመልሶ ቀዝቅዟል አለ። ልክ ነው፣ ቀዝቅዟል። ንቡ ይተኛ፣ እኔ ልቁም።

ቅጠሉን ትቼ ወደ ደረቀው የአበባ አገዳ ዞርኩ። ይሄኔ ጎረቤታችን ከአጥሩ ማዶ ብቅ አለች። ደግ ሴት ናት፣ ክፉ አላወራባትም፤ በረዶ ስንጠርግ ቡና ይዛልን ትመጣለች፣ ውሃ የበዛበት ቢሆንም ቡና ነው። ከሥሩ እንዳትቆርጠው አለችኝ። አገዳው ውስጡ ክፍት ነው፤ ብቻዋን የምትኖር የዱር ንብ እዚያ ገብታ እንቁላሏን ትጥላለች፤ ስለዚህ አናት አናቱን ብቻ ቆርጠህ አንድ ክንድ ያህሉን ቆሞ ትተዋለህ። ይህች ንብ ማር ትሠራለች ወይ አልኳት። አትሠራም አለች። ታዲያ ኪራይ የምትከፍለው በምንድን ነው? የአፕሉን አበባ ታዳቅልልሃለች አለችኝ። የትኛውን አፕል? ጥንቸሏ የበላችውን?

ጅማ አሮጌ ቡና ሲደክምብህ፣ ለቀማው አልቆ ጥር የካቲት ላይ፣ ከጉልበት በታች በመጋዝ ትጎነድለዋለህ። ዝናቡ ሲመጣ ከጉቶው ቡቃያ ይግተለተላል፤ ጠንካራ ጠንካራውን ሁለት ሦስት ታስቀርና ሌላውን ትነቅላለህ፤ ጥቂት ዓመት ታግሠህ እንደ ገና ትለቅማለህ። ማንም መጥቶ «ጉቶው ውስጥ የተኛ አለ?» ብሎኝ አያውቅም።

ወደ ኦኩ እንለፍ። የተገነጠለው ቅርንጫፍ ከመኪናው በላይ እየተወዛወዘ ነው። መሰላል አንሥቼ መጋዝ ስይዝ ልጄ በሩጫ መጣች። «አባዬ፣ ይተዉት! ኤፕሪል ነው!» እዚህ ከኤፕሪል እስከ ጁላይ ኦክ አይቆረጥም። ዛፉ ሲቆስል ሽታውን ተከትላ የምትመጣ ጥንዚዛ አለች፤ ከታመመ ኦክ ላይ ፈንገስ ተሸክማ መጥታ ቁስሉ ላይ ታራግፈዋለች። ቀይ ኦክ ከተያዘ በዚያው በጋ ቅጠሉን አራግፎ ይሞታል፤ በሥሩም ለጎረቤቱ ኦክ ያጋባል። ይሄ እንኳ ገብቶኛል። ቡናም የራሱ በሽታ አለው፣ የታመመ የቆረጥክበትን መጋዝ ወደ ጤነኛው አትወስድም። ያልገባኝ ቀጥሎ ያለው ነው፤ ማዕበል ሰብሮት ግዴታ ከሆነብህ ቁረጥና ቁስሉን ወዲያው ቀለም ቀባው! ልጄ ለመሰላሉ ስለማታምነኝ ሰው ተቀጠረ። እኔ ከታች ሆኜ ጣሳ ያዝኩ። ግድግዳ የምንቀባበት ቀለም ነው፤ ከሳሎኑ የተረፈው፣ ክሬም። አሁን ኦካችን ከሳሎናችን ጋር ይሄዳል።

ሃይድሬንጃ የሚባለውን ልተወው ብዬ ነበር፤ አልቻልኩም። ሁለት ዓይነት አለን። ነጩ በዘንድሮው ቡቃያ ላይ ያብባል፣ በፀደይ እስከ ታች ብትቆርጠው ደስ ይለዋል። ሰማያዊው ባምናው እንጨት ላይ ነው የሚያብበው፣ ከነካኸው አበባ የለም። መልካም። ግን በሚያዝያ ሁለቱም ጭራሮ ናቸው። ጭራሮ ነጭ ይሁን ሰማያዊ በምን ይታወቃል? ልጄ በነጩ ላይ ሪባን አሰረችልኝ። ሪባኑን ጥንቸሏ በላችው።

ጽጌረዳውንማ ሰዎቹ ይቀብሩታል። አታምኑኝም፤ ጎረቤቴ ጥቅምት ላይ ጎን ለጎኑ ቦይ ትቆፍርና፣ ቅርንጫፉን በገመድ ሰብስባ አስራ፣ ሥሩን ፈታ አድርጋ ወደ ቦዩ ታጋድመዋለች፤ አፈር ታለብሰዋለች፣ በላዩ ቅጠል ትከምራለች። ሚያዝያ ላይ አፈሩን ገፋ አድርጋ ቀና ታደርገዋለች። እኔ በዓይኔ በብረቱ ያየሁት ነው፣ ሲነሣ ግንዱ አረንጓዴ ነበር። ለዚህኛው ምንም አላልኩም፤ ባርኔጣዬን አነሣሁ።

በመጨረሻ ቁረጥ ተባልኩ። ምኑን? ከአጥሩ ሥር ከሁሉ ቀድሞ ቅጠል ያወጣውን ቁጥቋጦ። ቀረብ ስል ልቤ ደነገጠ። ቅጠሉ የሚያብረቀርቅ፣ እንቁላል ቅርጽ ያለው፣ ደም ሥሩ ወደ ጫፉ የታጠፈ፤ ጌሾ! አገሬ ገባሁ ብዬ ቅጠሉን ቀጥፌ አሸተትኩ። ባክቶርን ይባላል አሉኝ፤ ሳይንሱ ከጌሾ ጋር በአንድ ወገን፣ ራምነስ በሚለው ስም፣ ያስቀምጠዋል። የጌሾ ዘመድ ነው ማለት ነው፣ የአክስት ልጅ። ግን ይህ ዘመድ አልተባረከም። በ19ኛው መቶ ዘመን አጥር ይሁን ብለው ከአውሮፓ አመጡት፣ ጫካውን ወረሰው፤ ዛሬ ሚኒሶታ ውስጥ መሸጥ ክልክል ነው። ልጡን በመቀስ ጫፍ ፋቅ ብታደርገው ውስጡ ብርቱካናማ ነው፤ ቅርንጫፉ ሲያልቅ ደግሞ በሁለት እምቡጥ መካከል እሾህ ተተክሏል። በእሾኋ አውቄ ቆረጥኳት። ጥቁር ፍሬዋን የበላ ሰው ሆዱ እንደሚላቀቅ ስሰማ ደግሞ ጠላ ልጥልባት ያሰብኩትን ለማንም አልነገርኩም።

እሷንም ቆርጦ መተው የለም። ጉቶዋ ከቡናው የባሰ ያቆጠቁጣል፤ ወዲያው መድኃኒት መቀባት አለብህ። ያው ጣሳና ብሩሽ ይዤ ተንበረከክሁ። ኦኩን እንዳይሞት አስቀባሁት፣ ባክቶርኗን እንድትሞት ቀባኋት። አንድ ጓሮ፣ አንድ ሽማግሌ።

ቀሪው ላይላኩ ነው። እምቡጡን ያዘጋጀው አምና በጋ ስለሆነ፣ በፀደይ ብትቆርጠው የምትጥለው አበባውን ነው፤ ጊዜው አብቦ እንደረገፈ ወዲያው ነው፣ ከዚያ ከቆየህ የከርሞውን ትቆርጣለህ። እሺ አልኩ። ግንቦትን ጠበቅኩ። ላይላኩ አበበ፣ መንደሩ ሸተተ፣ ረገፈ። መጋዜን ስዬ፣ ያረጁትን ግንዶች መርጬ በሪባን አስሬ፣ ጠዋት ልጀምር ማታ ላይ ልጄ ሻንጣ ይዛ ገባች። «አባዬ፣ የሲያትሉ ሠርግ ነገ እኮ ነው፤ አሥር ቀን እንቆያለን።»