የሣር ክዳን ቤትን በአንድ ሳምንት ዕረፍት የማጥፊያ መንገድ

ይህ ምክር የተጻፈው በአየርላንድ ምዕራባዊ ዳርቻ፣ በኮኔማራ ወይም በዶኔጋል፣ ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ፊት ለፊት ካሉት የሣር ክዳን ቤቶች አንዱን ለሳምንት ተከራይቶ፣ ሲወጣ አመድ ወይም ብስባሽ አድርጎት ለመሄድ ለቆረጠ ሰው ነው። ቤቶቹን በፎቶ ያያቸው ብዙ ነው፤ በኖራ የነጣ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ፣ ትንንሽ መስኮት፣ ዝቅ ያለ በር፣ ከላይ ወርቃማ ገለባ። ከዚህ በታች የምዘረዝረው ዘዴ ሁሉ የሚሠራ ነው። ክፋት አይጠይቅም፤ ቸልተኝነት ብቻ ይበቃል። ቤቱ እንዲቆይ የሚወድ ሰው ግን እያንዳንዱን ምክር ገልብጦ ያንብበው፤ በእርግጥም የምጽፈው ለእሱ ነው።

ከምድጃው ይጀምሩ። በአካባቢው የሚነደው ተርፍ ነው፤ ከረግረግ መሬት በጡብ መልክ እየተቆረጠ፣ በበጋ ነፋስ እየተገላበጠ የደረቀ አፈር። ነበልባሉ ትንሽ ነው፣ ፍሙ ግን ለሰዓታት ይቆያል። ይህን ይናቁት። ለፎቶ የሚያምር ትልቅ ነበልባል እንዲኖርዎ የካርቶን ሣጥን፣ ጋዜጣና የስጦታ መጠቅለያ ይጨምሩበት። ወረቀት ሲነድ ስስ ሆኖ ይነሣል፤ እንደነደደም ሙቀቱ በጭስ ማውጫው ያወጣዋል፤ የሚያርፈውም ደረቁ ክዳን ላይ ነው። ከባሕሩ ዳር የለቀሙት እንጨትም ይረዳዎታል፤ ጨው ጠጥቶ የኖረ ስለሆነ የምድጃውን ብረት ይበላል። እርጥብ ግንድ ካገኙ ደግሞ ጥላሸቱ በጭስ ማውጫው ግድግዳ ላይ ይጋገርና አንድ ቀን እሱ ራሱ ይቀጣጠላል።

ጭስ ማውጫው መቼ እንደተጠረገ ባለቤቱን አይጠይቁ። እዚህ ላይ የብዙ ሰው ግምት ስለሚስት ጥቂት ልቆይ። የሣር ክዳን ቤት የሚቃጠለው ከላይ በወደቀ ብልጭታ ብቻ አይደለም። ክዳን ሲያረጅ ብዙ ጊዜ አሮጌው ሳይነሣ አዲስ ይደረብበታል። በየትውልዱ በተደረበ ቁጥር ጣራው ይወፍራል፤ ከጣራው በላይ የሚታየው የጭስ ማውጫ ያጥራል፤ በገለባው ውስጥ የተቀበረው ክፍል ይረዝማል። ከዘመናዊው ዝግ ምድጃ የሚወጣው ጋዝ ደግሞ ቀዝቃዛ አየር ብዙ ስለማይቀላቀልበት ከክፍቱ ምድጃ ጭስ ይልቅ ይሞቃል። ስለዚህ የአየሩን መግቢያ ከፍቶ ቀን ከሌት ያለ ልክ ማንደድ ጥሩ ዘዴ ነው። የጭስ ማውጫው ጡብ የተሰነጠቀ ከሆነ ሥራው ይፈጥናል። ገለባው ነበልባል ሳያሳይ ከውስጥ መጤስ ይጀምራል። የእሳት አደጋ ሠራተኞች ደርሰው ውሃ ሲረጩ፣ ጣራው የተሠራው ውሃን እንዲያንሸራትት ስለሆነ የዝናቡን እንደሚያደርገው የእነሱንም ያንሸራትተዋል። እሳቱ ከሥር ይጓዛል። የሚቀራቸው መንገድ ክዳኑን በሜንጦ እየነቀሉ መጣል ነው፤ ቤቱን ለማዳን ጣራውን ያፈርሳሉ።

ማታ ሲተኙ እሳቱን አይዳፍኑ። የአየርላንድ እናቶች ፍሙን በአመድ ዳፍነው፣ የቅድስት ብሪጅድን ጥበቃ ለምነው ይተኙ ነበር፤ ጠዋት ገልጠው ያንኑ እሳት ያቀጣጥሉታል። እሳት ዳፍኖ ማሳደርን ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። እርስዎ ግን የምድጃውን መከላከያ ሳያቆሙ፣ እርጥብ ፎጣና የዋና ልብስ በወንበር ላይ ሰቅለው ለነበልባሉ አስጠግተው ይተኙ። ጠዋት አመዱን በፕላስቲክ ባልዲ ወይም በወረቀት ከረጢት አፍሰው ከበሩ ጎን፣ ከክዳኑ ጠርዝ ሥር ያኑሩት። የተርፍ አመድ ላዩ ሲቀዘቅዝ ሆዱ ፍም ነው። መክደኛ ያለው የብረት ባልዲ ከምድጃው አጠገብ የተቀመጠው ለዚሁ ነበር። የጭስና የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያው ሌሊት ቢጮህ ባትሪውን ያውጡት። ይህኛው ምክር ከቤቱ አልፎ እርስዎንና ልጆችዎን የሚወስድ ስለሆነ፣ ገልብጠው ያንብቡት ብዬ ደግሜ እለምናለሁ።

በነፋሱ ላይ ረዘም አደርጋለሁ፤ የዚህ ዳርቻ ቤት ከሌላ አገር የሣር ክዳን ቤት የሚለየው በነፋሱ ምክንያት ነውና። በደቡብ እንግሊዝ መንደሮች ያለው ክዳን ሹል አናትና ወደ ውጭ የወጣ ጠርዝ አለው። እዚህ ግን ነፋሱ የሚይዘው እንዳያገኝ አናቱ ክብ፣ ጠርዙም አጭር ነው። በዚያ ላይ ገመድ በጣራው ላይ ወዲያና ወዲህ ይወጠርና፣ ከጠርዙ ሥር ከግድግዳው በወጡ የድንጋይ ችካሎች ይታሰራል። ድሮ ገመዱ ራሱ ከገለባ የተገመደ ነበር። ከገለባው ሥር ደግሞ ከነሣሩ የተገፈፈ የመሬት ገጽ በወራጆቹ ላይ ተነጥፏል፤ ቅዝቃዜ ይከላከላል፣ ገለባውን የሚይዙት የእንጨት ሹሎችም የሚወጉት በእሱ ውስጥ ነው።

እነዚያ የድንጋይ ችካሎች የልብስ ማስጫ ለመወጠር የተመቹ ናቸው። ለልጆች ዥዋዥዌም ይሆናሉ። አንዱ ገመድ ከላላ የቀረውን ነፋሱ ራሱ ይጨርሰዋል። የአየር ትንበያ መሥሪያ ቤቱ፣ ሜት ኤረን፣ ቢጫ፣ ብርቱካንማ ወይም ቀይ ማስጠንቀቂያ ሲያወጣ አይስሙ፤ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ያለውን በር ወለል አድርገው ይክፈቱት። የገባ ነፋስ መውጫ ሲያጣ ጣራውን ከሥር ይገፋል፤ ከላይ የሚያልፈውም ወደ ላይ ይስበዋል።

ይህን የአካባቢው ሰው በመከራ ተምሮታል። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 6 ቀን 1839 ሌሊት በአየርላንድ ላይ የወረደው ነፋስ እስከ ዛሬ ‘ታላቁ ነፋስ’ ተብሎ ይጠራል። ክዳኖች ተነቀሉ፤ በየምድጃው የነበረው ፍም በነፋሱ ተበትኖ ገለባውን አቃጠለ፤ ነፋሱን ያመለጠ ቤት በእሳት ጠፋ። ከሰባ ዓመት በኋላ፣ በ1908 የወጣው የጡረታ ሕግ በ1909 ሥራ ላይ ሲውል፣ ዕድሜው ሰባ የሞላ ድሃ በሳምንት እስከ 5 ሺሊንግ እንዲያገኝ ተፈቀደ። ነገር ግን በአየርላንድ ልደት በሙሉ መመዝገብ የጀመረው በ1864 ስለነበረ አረጋውያኑ የልደት ወረቀት አልነበራቸውም። ስለዚህ ብዙዎቹ ታላቁን ነፋስ ታስታውሳለህ ወይ፣ ታስታውሻለሽ ወይ እየተባሉ ተጠየቁ። ጣራው የተነቀለበትን ሌሊት ማስታወስ የዕድሜ ማስረጃ ሆነ። አንድ ሕዝብ የጣራውን መጥፋት እንዲህ ቆጥሮ ሲይዘው ሳስብ፣ ገመዱ ላይ ፎጣ የሚያሰጣ እንግዳ ያሳዝነኛል፤ ያሰጣበትን ነገር አያውቀውምና። ነፋሱም ያለፈ ታሪክ አይደለም። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 24 ቀን 2025 ኤዮዊን የተባለው ማዕበል በኮኔማራ፣ ሜስ ሄድ በተባለው ስፍራ በሰዓት ከ180 ኪሎ ሜትር በላይ ፍጥነት አስመዘገበ፤ በመላ አገሪቱም ከ700,000 በላይ የመብራት ደንበኞች ጨለማ ውስጥ ገቡ።

ዝናብ ሲያባራ ክዳኑ ላይ ይውጡ። ከላይ ባሕሩ በደንብ ይታያል፣ ፎቶውም ይሰምራል። ጣራው ቁልቁል የሆነው ውሃ ከአንዱ ገለባ ወደ ቀጣዩ እየዘለለ፣ የላዩን ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ አርሶ እንዲወርድ ነው። እግርዎ ያረፈበት ቦታ ይሰበራል፣ ይሰረጉዳል፤ ውሃው እዚያ ቆሞ ወደ ውስጥ ይሰርጋል። ክዳኑ ላይ የበቀለውን ሣር በእጅዎ ሲነቅሉም ገለባውን አብረው ይመዛሉ።

ቤቱ ውስጥ ከበሩ ወይም ከምድጃው በላይ ከረግረግ ሣር የተጎነጎነ መስቀል ካዩ ለማስታወሻ ይውሰዱት። በቅድስት ብሪጅድ በዓል ዋዜማ፣ በጃንዋሪ መጨረሻ፣ የሚጎነጎን ነው፤ ቤቱን ከእሳት ይጠብቃል ተብሎ ይታመናል። ድንጋይ ለመውሰድም አያፍሩ። ጆን ፎርድ በ1951 በኮኔማራ በቀረጸው ‘ዘ ኳየት ማን’ ፊልም ላይ የታየው የሣር ክዳን ቤት ዛሬ ፍርስራሽ ነው፤ ማስታወሻ ፈላጊዎችም ድንጋዩን እየለቀሙ ወስደውበታል።

ስለ ባሕሩ ጥቂት። በኮኔማራ ከክላዳዱፍ መንደር ፊት ባለችው የኦሜ ደሴት ውሃው ሲሸሽ በአሸዋው ላይ በእግርም በመኪናም ይደረሳል። የሙላቱን ሰዓት አይጠይቁ፤ ትናንት የተሻገሩበትን ሰዓት ዛሬም ይጠቀሙበት። ሙላቱ በየቀኑ በሃምሳ ደቂቃ ያህል ስለሚዘገይ፣ የትናንቱ ሰዓት ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ መኪናዎን ለውሃው ያስረክባል። ሰው እዚያ አሸዋ ላይ መኪና ጥሎ ሲሮጥ የመጀመሪያው አይሆኑም።

ከጎረቤት ጋር ያለውን ነገር ማበላሸት ቀላል ነው። የበግ ማሰማሪያውን በር ክፍት ትተው ይሂዱ፤ ውሻዎን ይልቀቁት። በጎችን የሚያባርር ውሻ ገበሬው ሊተኩስበት ሕጉ ይፈቅድለታል። በደቡብ ኮኔማራ መንደሮች ሰው ቤቱ ውስጥ የሚናገረው የአየርላንድን ቋንቋ ነው፤ ከ1972 ጀምሮ በዚሁ ቋንቋ የሚያሰራጭ የራሳቸው ሬዲዮ አላቸው። አንዲት የሰላምታ ቃል እንኳ ሳይለምዱ ይሰንብቱ፤ የበሩን የታችኛውንም የላይኛውንም ክፍል ዘግተው ይቀመጡ። በሩ ለሁለት የተከፈለው ታችኛው ዶሮን ከውጭ፣ ሕፃንን ከውስጥ እንዲከለክል፣ በላይኛው ደግሞ ብርሃንና ጨዋታ እንዲገባ ነበር። መንገደኛ ጎረቤት በእሱ ላይ ተደግፎ ነበር የሚያወጋው።

ቤቱ ቢጠፋ ሌላ ይሠራል ብለው ራስዎን ያጽናኑ። በኮኔማራ፣ በሮስ ሙክ የሚገኘው የፓትሪክ ፒርስ ቤት ለዚህ ይጠቀስልዎታል። መምህሩና ጸሐፊው ፒርስ፣ በ1916 በብሪታኒያ አገዛዝ ላይ የተነሣው የፋሲካ ዐመፅ መሪ ሆኖ የተረሸነው፣ በጋውን የሚያሳልፍበትና ደቀ መዛሙርቱን የሚያመጣበት የሣር ክዳን ቤት ነበር። በአየርላንድ የነጻነት ጦርነት በ1921 ተቃጠለ፤ በኋላ ታድሶ ዛሬ ይጎበኛል። ግን ያን ለማደስ ሥራውን የሚያውቅ እጅና የሚከደን ገለባ ነበረ። ዛሬ ባለሙያው ጥቂት ነው። ኮምባይነር ያጨደው ገለባ ተሰባብሮ ስለሚወጣ ለክዳን አይሆንም፤ ረዥም አገዳ ያለው እህል ለብቻው ተዘርቶ በአሮጌው ዓይነት ማጨጃ መታጨድ አለበት። ሸምበቆው ብዙውን ጊዜ እንደ ቱርክ ካሉ አገሮች በመርከብ ይመጣል። የአጃ ገለባ ክዳን በዚያ ዝናብ አሥር ዓመት፣ ቢበዛ አሥራ አምስት ዓመት ነው የሚያገለግለው፤ ስለዚህ ባለቤቱ ሁልጊዜ ወይ ሊያስከድን እየተዘጋጀ ነው ወይ ያስከደነበትን እየከፈለ ነው። የእሳት መድን የሚሰጠው ኩባንያ ማግኘትም ከብዶታል። እርስዎ የሚከፍሉት የሳምንት ኪራይ ብዙ ጊዜ የሚገባው ወደዚያው ጣራ ነው። ዕረፍትዎን በዚህ ቤት ማሳለፍዎ ለቤቱ መልካም ነገር የሚሆነውም ለዚህ ነው፤ እንግዳ ባይመጣ ብዙዎቹ እስከ ዛሬ በቆርቆሮ ተከድነው ወይም ፈርሰው ነበር።

የቀረው መውጫው ነው። በመጨረሻው ጠዋት በመኝታ ቤቱ ጥግ ግድግዳው ላይ ቡናማ የውሃ ፍሳሽ ካዩ አልጋውን ገፍተው ይሸፍኑት። ጠብታ ካለ ጎድጓዳ ሳህን ያስቀምጡለት። ውሃ በገለባ ውስጥ ገብቶ የሚወጣው ከገባበት ራቅ ብሎ ስለሆነ፣ ባለቤቱ ከውጭ ቆሞ ጣራውን ቢያይ ቀዳዳውን አያገኘውም፤ የሚያውቁት ከሥሩ ያደሩት እርስዎ ብቻ ነዎት። በዚያው ሳምንት ቢነገረው አንድ ባለሙያ መሰላል ይዞ መጥቶ ጥቂት ጭብጥ ገለባ ወግቶ ይደፍነዋል። ሳይነገረው ክረምቱ ከገባ ወራጁ ይበሰብሳል፤ ያኔ የሚነሣው የጣራው ግማሽ ነው። የባለቤቱ ስልክ ቁጥር ከበሩ ኋላ ተለጥፏል። አይደውሉ።