በእንተ አርምሞ ዘተማሪ

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የማጥመጃ መልእክት በስልኩ ሲደርሰው ለሚመለከተው ክፍል ከማመልከት ይልቅ ስለ ምን አርምሞን እንደሚመርጥ መመርመር፣ ነገሩ ለብዙዎች ኢምንት ቢመስልም፣ ሰፊ ሐተታ የሚሻ ሆኖ ስላገኘነው፣ ለምርምራችን ከመርካቶ ሠፈሮች ጭድ ተራን መረጥን፤ በዕረፍቱ ወራት የወላጆቹን ሱቅ የሚጠብቅ ተማሪ በዚያ አይታጣምና። የጥናት ዘዴያችን በራፍ ላይ ቆሞ ማድመጥ ነው።

በዚህ ሠፈር ማመልከት ማለት «ሌባ! ሌባ!» ብሎ መጮኽ ነው፤ ቅጽ አይሞላለትም። አበው ደግሞ በአፈርሳታ ያገሩን ሰው በሜዳ ሰብስበው፣ ሌባው እስኪታወቅ ሳያሰናብቱ፣ የቀረውንም ይቀጡ ነበር። ከእንዲህ ያለ ዘር የተወለደው ተማሪ ግን፣ «50,000 ብር ስለ ደረሰዎ ማስፈንጠሪያውን ይጫኑ» የሚል ብሥራት ሲመጣለት፣ ላኪውን ብሎክ ያደርጋል፣ ወይም ስክሪንሹቱን ለጓደኞቹ በቴሌግራም ልኮ ሙድ ይይዝበታል፤ በኢሜይል የመጣውንማ አያየውም፣ ግቢው የሰጠው የይለፍ ቃል ከተረሳ ሰንብቷልና። ለምን አላመለከትህም ቢሉት፣ «ጋሼ፣ እኔን አልበላኝ» ይላል። የተበላው ደግሞ ከዚህ የጠለቀ አርምሞ አለው፤ በታክሲ ሿሿ የተሠራ ሰው እንኳ እንባውን እየጠረገ ለመንገደኛው ሁሉ ሲያወራ፣ የምስጢር ቁጥሩን በገዛ አንደበቱ ለደዋዩ ያነበነበ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ፣ ፋራ እንዳይባል፣ ነገሩን ከንስሐ አባቱ ይሰውራል።

ተማሪ ማሳወቅ አይችልም የሚል መናፍቅ ቢነሣ፣ መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ለ7 አጥቢያ የሆነው ነገር ያሳፍረዋል። በዚያች ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓት፣ አንዳች አጥማጅ ሳይነካው፣ በገዛ ብልሽቱ ለደንበኞቹ ከሒሳባቸው በላይ መክፈል ስለ ጀመረ፣ ወሬው ከዶርም ወደ ዶርም፣ ከግቢ ወደ ግቢ እንደ ደወል ተሰማ፤ ተማሪውም ማኅሌት እንደሚቆም ደብተራ በየኤቲኤሙ ደጃፍ በትጋት ቆመ። ባንኩ ኋላ እንደ ገለጸው 801 ሚሊዮን ብር ያህል ወጥቶ ነበር። ከዚህ የፈጠነ ማሳወቅ ይህ አጥኚ አያውቅም፤ ነውሩ ቢኖር ለባንኩ በመንገር ፈንታ ለመኝታ ጓደኛ መነገሩ ብቻ ነው። ባንኩም በተራው ገንዘቡን ያልመለሱትን ሰዎች ስምና ፎቶግራፍ ለሕዝብ በማውጣት፣ ማመልከት እንዴት እንደሆነ አሳየ።

የማጥመጃውን መልእክት ባለማመልከቱ ግን ተማሪው በሕግ በኩል ንጹሕ ነው። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ወንጀልን የማሳወቅ ግዴታ የጣለው በአገልግሎት ሰጪና በመንግሥት አካል ላይ ሲሆን፣ በዶርም አልጋው ተጋድሞ ስልኩን የሚነካካ ተማሪ በዚያ አንቀጽ አልተጠቀሰም።