«እንዳትቀበለው!»፦ የአዲስ አበባ የሒሳብ ግብግብ በአንትሮፖሎጂ ዓይን

በአዲስ አበባ፣ ቦሌም ይሁን መርካቶ፣ ምሳ ተበልቶ እጅ ከታጠበ በኋላ ሁለት ጎልማሶች አስተናጋጅ መሐል አስገብተው ሲተናነቁ ይታያሉ። አንዱ የሌላውን ክንድ ይዞ ወደ ወንበሩ ይገፋዋል፤ ያኛው በተረፈችው እጁ የብር ኖት እያውለበለበ በአስተናጋጁ ትከሻ ላይ ይንጠራራል። በእናትም በሞትም ይማማላሉ። ፖሊስ የሚጠራ የለም፤ በአጠገባቸው ያሉት ተመጋቢዎች ከሽሯቸው ቀና እንኳ አይሉም። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ አንደኛው ይሸነፍና ገንዘቡ ሳይነካ፣ ፊቱን አጥቁሮ ይቀመጣል።

ለአገሩ ባዳ የሆነ ሰው ዘረፋ ነው ብሎ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ዘረፋ ቢሆንም ግን እያንዳንዱ ወገን የሌላው ገንዘብ በኪሱ እንዲቀር የሚታገልበት ዘረፋ ነው።

እንዲህ ያለውን ነገር ሳይስቁ ተቀምጦ መመልከት የአንትሮፖሎጂ ሥራ ነው። ፖላንዳዊው ብሮኒስላቭ ማሊኖቭስኪ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዓመታት ከኒው ጊኒ በስተምሥራቅ በሚገኙት የትሮብሪያንድ ደሴቶች ድንኳን ተክሎ፣ የሰዎቹን ቋንቋ ተምሮ አብሯቸው ኖረ፤ ያየውንም በ1922 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ አወጣው። ከዚያ ወዲህ በረንዳ ላይ ተቀምጦ በአስተርጓሚ መጠየቅ ለሙያው ነውር ሆነ። ያው ዓይን ወደ ገዛ ቤት ቢዞርም እንደሚያይ ያሳየው አሜሪካዊው ሆራስ ማይነር ነው። በ1956 እ.ኤ.አ. በየዕለቱ የአሳማ ጸጉር አፋቸው ውስጥ አስገብተው ስለሚያመላልሱ ሰዎች በጥብቅ የምሁር ቋንቋ አንድ ጽሑፍ አሳተመ። ሰዎቹ አሜሪካውያን፣ ሥርዓቱም ጥርስ መቦረሽ ነበር። የአዲስ አበባ ምግብ ቤት እስካሁን ተራው አልደረሰውም።

ሥርዓቱ የሚከፈተው በደረሰኙ መምጣት ነው። ልምድ ያለው አስተናጋጅ ደረሰኙን ከሁሉም እኩል በሚርቅ ቦታ አስቀምጦ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ይላል። አንዱ ዓይኑን ከጨዋታው ሳይነቅል እጁን ቀስ አድርጎ ይሰዳል። ሌላው መዳፉን ላዩ ላይ ይጭናል።

«ተው እንጂ!»

«እኔ እያለሁ?»

«ባለፈው አንተ አይደለህ የከፈልከው?»

«ባለፈውማ ቡና ብቻ ነው።»

ክርክሩ በማስረጃ እንደማይፈታ ሲታወቅ ነገሩ ወደ ዳኛው፣ ወደ አስተናጋጁ ይወሰዳል። «እንዳትቀበለው! ከሱ ከተቀበልክ ሁለተኛ እዚህ ቤት አልመጣም።» ዛቻው ተፈጽሞ አያውቅም፤ ተናጋሪው በማግስቱ ሰባት ሰዓት ላይ እዚያው ወንበር ላይ ይገኛል። ግሪጎሪ ቤትሰን የተባለ እንግሊዛዊ በ1930ዎቹ በኒው ጊኒ የኢያትሙል ሕዝብ ዘንድ አንዱ ሲፎክር ሌላው ብሶ ሲፎክር፣ የመጀመሪያው ደግሞ ሲጨምርበት እያየ ነገሩ በዚህ ከቀጠለ የት ሊደርስ ነው ብሎ ተጨንቋል። አዲስ አበባ ላይ የሚደርስበት ታውቋል። መሐላው ከ«በእናትህ» ይነሣል፣ በ«በሞቴ» አድርጎ «አፈር ስሆን» ላይ ይደርሳል። ከአፈር በታች የሚማልበት ነገር ስለሌለ ቀሪው የጡንቻ ጉዳይ ይሆናል።

ይህን ሁሉ የሐበሻ ደግነት ነው ብሎ መዝጋት ይቻላል። ፈረንሳዊው ማርሴል ሞስ ግን በ1925 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የስጦታ ጥናት ነገሩን አወሳስቦታል። ስጦታ በፈቃድ የሚደረግ ቢመስልም ሦስት ግዴታዎች ታስረውበታል፦ መስጠት፣ መቀበል፣ መመለስ። የተቀበለ ሰው እስኪመልስ ድረስ ከሰጪው ዝቅ ብሎ ይቆያል። እንግዲህ ጠረጴዛው ላይ የሚታገሉት ማን ባለዕዳ ሆኖ ይውጣ በሚለው ላይ ነው ማለት ነው፤ የጥብሱ ዋጋ ሰበብ ነው። ነገሩ ከልክ ሲያልፍ ምን እንደሚመስል ከካናዳ ምዕራባዊ ጠረፍ ይታወቃል። በዚያ የክዋኪዩትል ሕዝብ አለቆች በድግስ ላይ ብርድ ልብስ ከምረው ያድሉ፣ ተቀናቃኝን ለማሳፈር ሲሉም ውድ የመዳብ ሰሌዳዎቻቸውን ይሰብሩ ነበር። የካናዳ መንግሥት ድግሱን ከ1885 እስከ 1951 እ.ኤ.አ. በሕግ ከልክሎታል። በአዲስ አበባ በኩል እስካሁን የወጣ መመሪያ የለም።

ያሸነፈ ሰው ድሉን ወዲያው ማጣጣል አለበት። «ምን አላት፣ ሽሮ ናት!» ይላል፣ የበሉት ክትፎ ቢሆንም። በትሮብሪያንድም እንዲሁ ነው። በዚያ ቀይ የዛጎል ሐብል በአንድ አቅጣጫ፣ ነጭ የዛጎል አምባር በተቃራኒው ከደሴት ደሴት እየዞሩ ይሰጣሉ፤ ማንም ለራሱ አያስቀራቸውም። ሰጪው ባሕር አቋርጦ ለመጣ እንግዳ የሚሰጠውን የከበረ ዕቃ የተናደደ ያህል ይወረውርለታል፤ ተቀባዩም ከቁብ እንዳልቆጠረው ሆኖ ይቀበላል። የዋጋ ክርክር የሚፈቀድበት ገበያ ለብቻው ነው፤ ሁለቱን ያደባለቀ ሰው ይናቃል። አዲስ አበቤም ድንበሩን ያከብራል። ጠዋት ሽንኩርት ላይ አምስት ብር ለማስቀነስ ሦስት ጊዜ ሄዶ ሦስት ጊዜ የተመለሰው ሰው፣ ሰባት ሰዓት ላይ አንድ ሺህ ብር ካላወጣሁ ብሎ እጅጌው እስኪተረተር ይታገላል። ሁለቱም ቦታ ላይ በልኩ ነው።

ከሁሉ ረቂቁ የጊዜ ጉዳይ ነው። ሌላው ፈረንሳዊ ምሁር ፒየር ቡርዲዮ በአልጄሪያ የካቢል ሕዝብ መካከል እንዳስተዋለው፣ ስጦታን ወዲያው መመለስ አልቀበልም ከማለት አይለይም፤ መሐሉ ላይ ቀን ማለፍ አለበት። በምሳ የተሸነፈ ሰው ቢሮው ሲደርስ ድርሻውን አስልቶ፣ ከነሳንቲሙ፣ በቴሌብር ቢልክ ማንም አይከሰውም። ወዳጅነቱ ግን በዚያው መልእክት ተዘግቷል። ሒሳቡ እንዳይዘጋ ነውና ትግሉ ሁሉ፤ አንዴ ካንተ፣ አንዴ ከኔ እየተባለ ለዓመታት ይንጠለጠላል። መዝገብ የሚይዝ የለም። የመጨረሻው ከፋይ ማን እንደነበረ የረሳም የለም።

ስልቶቹ ብዙ ናቸው። «እጄን ልታጠብ» ብሎ ተነሥቶ ገንዘብ ተቀባይዋ ዘንድ ጨርሶ የሚመለሰው ሰው ጦርነቱን ሳይጀመር አሸንፏል፤ «ተከፍሏል» የሚለው የአስተናጋጁ ቃል ጠረጴዛውን ሲመታ ሌሎቹ እንደተከዱ ይጮኻሉ። ሴቶች ዘንድ ደግሞ ብሩ ተጠቅልሎ የተቀናቃኟ ቦርሳ ውስጥ ይወረወራል፣ ከዚያ ተመልሶ ይወጣል፣ ታክሲ እስኪያዝ ድረስ መንገድ ላይም ይቀጥላል። በሌላው ጫፍ፣ ደረሰኝ ሲመጣ ስልክ የሚደወልለት ወይም ቦርሳውን በሌላው ሱሪው የረሳ ሰው አለ። ማኅበረሰቡ አይቀጣውም። በሌለበት ብቻ ይተርከዋል።

ከዋሽንግተን የመጣ ዘመድ ልዩ ምድብ ነው። በመጀመሪያው ቀን እንግዳ ስለሆነ ኪሱን መንካት አይፈቀድለትም። በሦስተኛው ቀን ተቃውሞው ይላላል፤ «ተው እንጂ» የሚለው ድምፅ ይቀንሳል፣ ክንዱን የሚይዘው እጅም ይለሰልሳል። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ደረሰኙ ማንም ሳያዝዝ በሱ በኩል ይቀመጣል።

ግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብር ሥራ ሲጀምር ሥርዓቱ ያከትማል ብለው የሠጉ ሊኖሩ ይችላሉ፤ ስልክ እንደ ብር ኖት አይውለበለብምና። የሆነው ሌላ ነው። የማለፊያ ቁጥር ተመትቶ ኔትወርኩ በሚሽከረከርባት ቅጽበት ተቀናቃኙ ጥሬ ብር አውጥቶ ያስጨብጣል፤ ቴክኖሎጂው የጠላት መግቢያ በር ሆኗል።

በዚህ ሁሉ መሐል ፍርድ የሚሰጠው አስተናጋጁ ነው። ሽበት ካለው ሊቀበል ይችላል፣ ከቤቱ ደንበኛም ሊቀበል ይችላል፤ ልምድ ያለው ደግሞ ድፍን ብር ከያዘው ይቀበላል፣ መልስ ይተርፈዋልና። መልሱ በሳህን ተመልሶ መጥቶ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጣል። ለቲፕ ስንት ይተው በሚለው ላይ ግን እስካሁን እጅ ለእጅ የተያያዘ ሰው አልታየም።