የጎረቤት ዶሮ በጓሮ ጎመን ላይ ስለምታደርሰው ወረራ

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ጓሮ በሦስት ይከፈላል። የደጋ ጓሮ ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከጉና ተራራ ግርጌ ይገኛል፤ ድንችና ነጭ ሽንኩርት ያበቅላል፤ ጠላቱ ውርጭ ነው። የቆላ ጓሮ ወደ በሽሎ ወረድ ይላል፤ ቃሪያ ያበቅላል፤ ጠላቱ የውኃ እጥረት ነው። የወይና ደጋ ጓሮ ከሁለቱም ጥቂት ጥቂት ያበቅላል፤ የሁለቱንም ጠላት ይቀምሳል። ሦስቱን የሚያስማማ አንድ ጠላት አለ፤ እሱም የጎረቤት ዶሮ ነው። የራስ ዶሮ ለጥናት አትመችም፤ ትታሰራለች፣ ትሸጣለች፣ ትታረዳለች።

የጎረቤት ዶሮ በአገባቧ አራት ዓይነት ናት፦

ሀ. ዘላይ፤ አጥር የማታውቅ።
ለ. ሾላኪ፤ አጼ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖልን ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ ለመድፉ መንገድ ተጠርጎለታል፤ ለሾላኪዋ ግን የጭብጥ ያህል ቀዳዳ ይበቃታል።
ሐ. እንግዳ፤ በበር የምትገባ። በሩን ክፍት የተወው ባለ ጓሮው ራሱ ስለሆነ ክስ አይመሠረትባትም።
መ. ባለ ጫጩት።

አራተኛዋ ሰፊ ማብራሪያ ይገባታል። ባለ ጫጩት የምትመጣው ለመብላት ሳይሆን ለማስተማር ነው። ትምህርቱ ጭረት ይባላል። ባለ ጓሮው መደቡን አለስልሶ፣ ፍግ አልብሶ፣ የጎመን ዘሩን ሳይደራረብ እንዲወርድ ከአመድ ጋር ቀላቅሎ በዘራ ማግስት ትምህርት ቤቱ ይከፈታል። እናት አንዴ ትጭርና ወደ ኋላ ፈቀቅ ትላለች፤ ተማሪዎቹ በየተራ ይለማመዳሉ። ቢያባርሯት ትዋጋለች። ቢበታተኑባት ደግሞ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጭልፊት የወሰደው ጫጩት ሁሉ በባለ ጓሮው ስም ይመዘገባል።

የአቤቱታው ሥርዓት እንዲህ ነው፦

«እትየ፣ ዶሮዎ መደቡን ፈጀችው እኮ።»
«የኔዋ? ኧረ ልጄ፣ የኔዋማ እንቁላል ታቅፋ ተኝታለች።»

ይህ ሲባል ዶሮዋ ጫጩቶቿን አስከትላ በሁለቱ መካከል ታልፋለች። አንዳቸውም አላዩም።

ተስፋ የቆረጠ ባለ ጓሮ አሳ ማጥመድ ይሞክራል። መንጠቆው ላይ የሚሰካው ትል ከፍጉ ሥር ይገኛል፤ እሱንም ዶሮዋ ቀድማዋለች። ትል ቢተርፍለት እንኳ በክረምት ጉማራ ላይ አይጣል፤ የጣና ነጭ አሳ ወንዙን ሽቅብ የሚወጣው እንቁላሉን ሊጥል ነው። ስለ አሳ ይህ ይበቃል።

ጥናቱ በአምስተኛ ዓይነት ሊቀጥል ታስቦ ነበር። ፋሲካ ደረሰና እትየ ዶሮዋን በ12 ብልት መደቧት፤ ከዚህ የበለጠ ምደባ አልተገኘም። ባለ ጓሮውም ተጠርቶ ከወጡ ቀመሰ፤ ያን ሁሉ ጎመን የበላች ዶሮ እንደምትጣፍጥ መሰከረ፤ ክሱንም አነሳ።

ለጀማሪ የሚቀረው ምክር አጭር ነው። ድንች ሲተከል በመስመር መካከል 75፣ በተክል መካከል 30 ሴንቲ ሜትር ይለቀቅ፤ ጎመን ሲለቀም ከታችኛው ቅጠል ይጀመር። ከሁሉ በፊት ግን አጥር፤ በደጋ ቀጋ፣ በቆላ ቅንጭብ። ከአጥሩም በፊት እትየን ቡና ጥሯቸው።