ይድረስ ለጋሼ፦ ከላስ ቬጋስ ወደ አልዱባ

ለምወድዎና ለማከብርዎ አጎቴ፣

ጋሼ፣ ቤተሰቡ፣ ከብቱ፣ የማክሰኞው ገበያ ሁሉ ደህና ነው? እኔ ከናፍቆታችሁና ከላስ ቬጋስ የነሐሴ ቃጠሎ በቀር ደህና ነኝ። ሀበሻው እዚህ ስለበዛ የክላርክ ካውንቲ ሹማምንት በ2023 (እንደ ፈረንጆቹ) «ትንሿ ኢትዮጵያ» የሚባል ሰፈር ሰይመውልናል፤ ክትፎም ሽሮም አይጠፋም። ሾፎሮ ግን የለም። እኛ ዘንድ የቡናው ገለባ ተፈልቶ ይጠጣል ስላቸው የአዲስ አበባ ልጆች ይስቁብኛል።

ታክሲው ወገቤን ስለጨረሰው ሙያ ልቀይር አስቤያለሁ። ተሳፋሪዎቼ የኢንፎርሜሽን ደኅንነት የሚሉት ሥራ ደህና ይከፍላል ሲባባሉ ሰማሁና፣ እስቲ ባለሙያዎቹን ልያቸው ብዬ ዴፍ ኮን ከተባለው ትልቁ ጉባኤያቸው ገባሁ። ጄፍ ሞስ የሚባል ሰው በ1993 ለጓደኛው መሸኛ አስቦ፣ ጓደኛው ቀድሞ ቢሄድበት ድግሱ አይቅር ብሎ መቶ ያህል ሰው ሰብስቦ የጀመረው ነው። ዛሬ በአስር ሺዎች ይጎርፉበታል።

በሩ ላይ ከ400 ዶላር በላይ በጥሬ ገንዘብ ተቀበሉኝ። ስምህ ማን ነው ያለኝ ግን የለም! በዚህ አገር የጥርስ ሐኪም ዘንድ እንኳ አራት ገጽ ሞልቼ ነው የምገባው። አንገቴ ላይ የሚንጠለጠለው ባጅ «ሰው» ነው የሚለው፤ ከዚያ ሌላ ማዕረግ የለውም። መታወቂያ ሲጠየቅ ለኖረ ስደተኛ ይኼ ቀላል ክብር አይደለም።

አንዱ ጥግ ቁልፍ በሽቦ መክፈት ይማሩበታል፤ ያውም በአደባባይ። ጂንካ ላይ እንዲህ ያለ ሽቦ ኪሱ የተገኘ ሰው ቃሉን የሚሰጠው ለፖሊስ ነው፤ እዚህ ወረፋ ይዘው ይማሩታል።

«የበጎች ግድግዳ» የሚሉትም አለ። በጉባኤው ዋይፋይ ሳይጠነቀቅ የገባ ሰው የመግቢያ ስሙ፣ ከይለፍ ቃሉም ገሚሱ ተሸፍኖ፣ ግድግዳ ላይ ለሕዝብ ይታያል። አልዱባ በጉ ይሸጣል፤ እዚህ በጉ ራሱ ከፍሎ ይገባል። እኔ ስልኬን አጥፍቼ ካልሲዬ ውስጥ ሸጉጬው ዋልኩ።

ከሁሉ ያስደመመኝ ግን የመስታወቱ ሳጥን ነው። ተወዳዳሪው ድምፅ በማያስወጣ ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ፣ ሕዝብ እያየው፣ ለአንድ ኩባንያ ስልክ ይደውላል። «ከኮምፒውተር ክፍል ነው» ይልና አንዴ በትሕትና፣ አንዴ በሳቅ፣ ሲብስም «ልጄ እያለቀሰብኝ ነው» እያለ፣ ምን ዓይነት ኮምፒውተር እንደሚጠቀሙ፣ ጽዳቱን ማን እንደያዘው፣ ምሳ ከየት እንደሚመጣ ያስለፈልፋቸዋል። የሰበረው ማሽን የለም፤ የሰው ሆድ ነው ያባባው። ጋሼ፣ የበሬ ደላላው «ለእርስዎ ስል ነው» ሲልዎት እጅዎን ከኪስዎ የማያወጡት ለዚሁ አይደል? እርስዎ እዚያ መድረክ ላይ ቢወጡ ከእንግሊዝኛው በቀር የሚጎድልዎት የለም።

እኛም ብንሆን ለዚህ ነገር ባዕድ አይደለንም። የቶሮንቶው የምርምር ተቋም ሲቲዝን ላብ በ2014 እንዳወጣው፣ ለኢሳት ቴሌቪዥን ሠራተኞች በስካይፕ የተላከው ሰነድ መሳይ ፋይል ሆዱ ውስጥ የስለላ ፕሮግራም ነበረው፤ ዱካው ሲታይም ሃኪንግ ቲም ወደተባለ የጣሊያን ኩባንያ ወሰደ። በ2015 ደግሞ ኩባንያው ራሱ ተበረበረና 400 ጊጋባይት ገመናው ለዓለም ተዘረገፈ። ይኼን ሳነብ ብቻዬን ታክሲው ውስጥ ሳቅሁ።

እንግዲህ ሴኩሪቲ ፕላስ ለሚባለው የዚሁ ሙያ ፈተና ልቀመጥ ቆርጫለሁ፦ 90 ደቂቃ፣ እስከ 90 ጥያቄ፣ ማለፊያው ከ900 750። እስከዚያው መሪውን አለቅም።

እርስዎ ግን አደራ! ከቴሌ ነኝ ብሎ የቴሌብር ምስጢር ቁጥርዎን የሚጠይቅ ቢደውል ስልኩን ይዝጉበት። በእኔ ስም ብር ላኩልኝ የሚል መልእክት ከመጣም፣ በልጅነቴ የጠበቅኩትን የቀዩን ወይፈን ስም ይጠይቁት። ካላወቀው እኔ አይደለሁም። ለዚህ ደብዳቤ መልስ ሲያጽፉ ታዲያ የወይፈኑን ስም እንዳያስጽፉት።

አክባሪዎ፣ የእህትዎ ልጅ